ሆዳቸውን ከፍተን ያየናቸው መኪኖች

(በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ የቀረበ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከፊት ያሉትን ወንበሮች የሞላችሁ ተማሪዎች ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ዝናብ ቤታችሁን ትታችሁ ስለ አሮጌ ዕቃ ለመስማት መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ክብር ነው። አዳራሹን ለፈቀዱልን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞችም ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዕቃዎች አሉ። አንዱ ፋኖስ ነው። ሁለተኛው የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ የብረት እግሩ ከባድ ስለሆነ ቤት ቀርቶ ራሱን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ሦስተኛው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው። ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱን እንኳ በዐይኑ ያየ እጁን ያውጣ። አመሰግናለሁ፤ ሁላችሁም ማለት ይቻላል። አሁን ደግሞ ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ እንዴት እንደሚሠራ ለጎረቤቱ ማስረዳት የሚችል እጁን ያውጣ። አያችሁ? እጆቹ ወረዱ። የቀሩት አራት ወይም አምስት እጆች ናቸው፤ እነሱም የሽማግሌዎች ናቸው።

ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ይህ ነው። ዕቃው በሳሎን መደርደሪያ፣ በሆቴል መግቢያ፣ በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ተቀምጧል፤ አሠራሩ ግን በጥቂት ሰዎች እጅና ራስ ውስጥ ብቻ ቀርቷል። እነዚያ ሰዎች ሲያልፉ የሚቀረው ብረቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ የዕቃዎቹን ዋጋ ወይም ዕድሜ አልነግራችሁም። እንዴት እንደሚሠሩ እነግራችኋለሁ። በዋናነት የምናገረው ስለ ሁለቱ መኪኖች ነው፤ ፋኖሱን መንገዳችንን እንዲያበራልን አስቀድመዋለሁ።

የፋኖሱን ግራና ቀኝ ተመልከቱ። ከታችኛው የላምባ ማጠራቀሚያ ተነሥተው እስከ አናቱ የሚደርሱ ሁለት የቆርቆሮ ቧንቧዎች አሉ። እነዚህ ቧንቧዎች ለምን የተሠሩ ይመስላችኋል? እኔ ልጅ ሳለሁ ለመያዣ የተሠሩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ኩራዝን አስታውሱ። በር በተከፈተ ቁጥር ነበልባሉ ይተኛል፣ ይጨሳል፣ ትንሽ ነፋስ ከበረታበት ይጠፋል። ፋኖስ ግን በነፋስና በካፊያ መካከል ከቤት ወደ በረት፣ ከበረት ወደ ቤት ይመላለሳል። ልዩነቱን የሚያመጡት ቧንቧዎቹ ናቸው። የፋኖስ ነበልባል አየር የሚያገኘው በቀጥታ ከውጭ አይደለም፤ አየሩ ከላይ በቧንቧዎቹ ወርዶ ከክሩ ሥር ይገባለታል። ውጭ ያለው ነፋስ ቢበረታም ቢደክምም ወደ እሳቱ የሚደርሰው የተረጋጋ አየር ነው። ይህ አሠራር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በመሠረቱ ሳይለወጥ ዓለምን ዞሯል። እናቴ ማታ ማታ ብርጭቆውን በአመድና በጨርቅ ስትወለውል፣ ክሩንም በመቀስ አስተካክላ ስትቆርጥ አያት ነበር። ክሩ በአንድ ወገን ከረዘመ ነበልባሉ ቀንድ ያወጣል፤ ብርጭቆውም በአንድ ምሽት ይጠቁራል። ይህን እናቴ ከመጽሐፍ አልተማረችም፤ ዕቃው ራሱ ነገራት።

አሁን ወደ መጀመሪያው መኪና እንምጣ።

መኪና ስል ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛሬ መኪና ሲባል የሚታያችሁ መንገድ ላይ የሚሄደው ነው። ቃሉ ግን ከጣሊያንኛው «ማኪና» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ማንኛውም ማሽን ማለት ነው። የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና የምንለው ለዚህ ነው። እህል የሚፈጨውን ሞተር «የወፍጮ ባቡር» የሚሉ እናቶች ዛሬም አሉ፤ «ባቡር» ደግሞ እንፋሎት ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል፣ ከ«ቫፖሬ» የወረደ ነው። ጋራዥ ገብታችሁ ብታዳምጡ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞላ፣ ችንጋ ሲባል ትሰማላችሁ። እነዚህ ሁሉ ከመኪኖቹ ጋር አብረው የገቡ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው፤ ግን የእኛ ሰው አፍ ለውጧቸው፣ የእኛ ሰው እጅ ተለማምዷቸው ዛሬ አማርኛ ሆነዋል። ስለዚህ ሞላና ችንጋ ስል የባዕድ ቃል እንደተናገርሁ አትቁጠሩብኝ። እነዚህ የአባቴ ቃላት ናቸው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ደሴ ውስጥ፣ ከገበያው አጠገብ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ጥቁር ሲንጀር ነበረችው። ወርቃማው ጽሑፏ በእጅ ብዛት ከአንድ ወገን ጠፍቶ ነበር። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቀን አባቴ ለምሳ ሲነሣ ጠብቄ ወንበሩ ላይ ወጣሁና ፔዳሉን ረገጥሁት። መዘውሩ ወደ ኋላ ዞረ፤ ክሩ ተተበተበ፤ መርፌው ተሰበረ። መርፌ በዚያን ጊዜ ውድ ነበር፤ ምን ሊደርስብኝ እንደሚችል ገብቶኛል። አባቴ ተመልሶ ያንን ትብትብ ሲያይ አልመታኝም። አዲስ መርፌ ከተተ፣ ችንጋውን ከመዘውሩ አወለቀ፣ መርፌው የሚወርድበትን የብረት ሳህን ፈታ፣ ከዚያም አጠገቡ አቆመኝና «እይ» አለኝ። የላይኛውን መዘውር በጣቱ ቀስ እያለ ማዞር ጀመረ። እኔም ጎንበስ ብዬ ወደ መኪናዋ ሆድ አየሁ። ዛሬ ከእናንተ ጋር የምካፈለው ያን ቀን ያየሁትን ነው።

የእጅ መርፌ ዐይኑ የት ነው? በኋላ፣ በጭራው በኩል ነው። በእጅ ስትሰፉ መርፌው ከነክሩ ጨርቁን በስቶ ያልፋል፤ ከወዲያ ማዶ ሌላው ጣታችሁ ተቀብሎ ይመልሰዋል። መኪና ግን መርፌውን ወዲያ ማዶ የሚቀበልለት ጣት የለውም። ለብዙ ዓመታት መኪና ለመሥራት የሞከሩ ሰዎች የተቸገሩት በዚህ ነበር። መፍትሔው የመርፌውን ዐይን ወደ ሹሉ ጫፍ ማምጣት ሆነ። እንዲህ ሲሆን መርፌው ሙሉ በሙሉ ማለፍ አያስፈልገውም። ጫፉን ብቻ ከጨርቁ በታች ያወርድና ይመለሳል። መመለስ ሲጀምር ግን ክሩ ከእርሱ ጋር ወዲያው አይመለስም፤ ጨርቁ ትንሽ ስለሚይዘው ከመርፌው ጎን ዘንበል ብሎ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ሁሉ ነገር የሚያርፈው በዚያች ቀለበት ላይ ነው! በዚያች ቅጽበት ከታች ሹል አፍንጫ ያለው ብረት መጥቶ ቀለበቷን ይይዛታል፤ የታችኛው ክር በውስጧ ያልፋል፤ ከላይ ያለው ክንድም ክሩን ወደ ላይ ስቦ ያጠብቀዋል። ሁለቱ ክሮች በጨርቁ መካከል ተቆላለፉ ማለት ነው።

ያን ብረት አባቴ ምን ይለው እንደነበር ታውቃላችሁ? መወርወሪያ ይለው ነበር። መወርወሪያ የሸማኔ ዕቃ ነው፤ ማጉን በድሩ መካከል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያመላልሰው ያ ትንሽ ጀልባ የመሰለ ዕቃ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የስፌት መኪናን ታሪክ ሳነብ አባቴ ምን ያህል ትክክል እንደነበረ ገባኝ። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብቱን ባስመዘገበበት መኪና ውስጥ የታችኛውን ክር የሚያመላልሰው በእውነትም ከሸማኔ የተወሰደ መወርወሪያ ነበር። ከሸማ ሠሪ ልጆች መካከል ያደገ ሰው ይህን መኪና ከፍቶ ቢያይ ዘመዱን ያገኘ ያህል ይሰማዋል። በድርና በማግ ያደግን ሕዝብ ነን እኮ!

ስሙን ለአባቴ ሲንጀር ያወረሰው ይስሐቅ ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1851 ያስመዘገበው መኪና ደግሞ መርፌውን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች የሚያወርድ፣ ጨርቁንም በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ የሚይዝ ነበር፤ በእግር የሚረገጥም ሆነ። ኩባንያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1856፣ መኪናዎቹን በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ጀመረ። ሙሉ ዋጋውን በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችል ሰፊ ቀስ በቀስ እየከፈለ ባለቤት መሆን ቻለ። አዲስ መኪና ሁሉ ግን በደስታ አልተቀበሉትም። ከእነርሱ ቀድሞ በፈረንሳይ አገር ባርተሌሚ ቲሞኒዬ የተባለ ልብስ ሰፊ የወታደር ልብስ የሚሰፉ መኪኖች አቋቁሞ ነበር፤ እንጀራችንን ይነጥቀናል ብለው የፈሩ ሰፊዎች እ.ኤ.አ. በ1831 ገብተው ሰባበሩበት። እኔ በእነዚያ ሰፊዎች ለመፍረድ አልደፍርም። የእጅ ሙያ ያለው ሰው ሙያው በአንድ ጀምበር ከእጁ ሲወጣ ምን እንደሚሰማው በራሴ አይቼዋለሁ፤ ወደዚያም እመጣለሁ።

የሁለተኛው ነጥቤ ርእስ የጽሕፈት መኪና ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብቆይ ይቅርታችሁን እለምናለሁ፤ 31 ዓመት እንጀራዬን የበላሁበት ነውና። መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት እየዞርሁ ታይፕራይተር እጠግን ነበር።

እስቲ አንድ ቁልፍ ልምታ። ሰማችሁ? ያ ድምፅ በአንድ ጊዜ የተፈጸሙ አራት ሥራዎች ድምፅ ነው። ቁልፉ ሲጫን በሌላው ጫፉ ፊደል የተቀረጸበት ቀጭን ክንድ ይነሣል። ክንዱ ከወረቀቱ ፊት ያለውን ቀለም የጠጣ ሪባን ይመታል፤ ሪባኑም ቀለሙን ለወረቀቱ ያስተላልፋል። ሪባኑ አንድ ቦታ ብቻ እንዳያልቅ በዚያው ምት ጥቂት ይራመዳል። ወረቀቱን የተሸከመው ሠረገላም አንድ ፊደል ያህል ወደ ግራ ይሄዳል። ሠረገላውን ወደ ግራ የሚስበው ምንድን ነው? ኤሌክትሪክ የለው፣ ሞተር የለው! የሚስበው ሞላ ነው። እዚህ ከኋላ፣ በዚች ክብ ቤት ውስጥ እንደ ግድግዳ ሰዓት የተጠቀለለ ሞላ አለ፤ በጠንካራ ማሰሪያ ከሠረገላው ጋር ተያይዟል። ሞላው ሁልጊዜ ይስባል። እንዲያው ቢተው ሠረገላውን በአንድ ጊዜ እስከ ዳር ይወስደው ነበር። ግን ጥርስ ያለው ትንሽ መዘውር ይይዘዋል፤ አንድ ምት አንድ ጥርስ ብቻ ይለቅለታል። ሞላውን ማን ይጠመዝዘዋል ብትሉ ጸሐፊዋ ናት! መስመሩ አልቆ ደወሉ ሲጮህ ሠረገላውን በእጇ ወደ ቀኝ ስትመልስ፣ ሳታውቀው ለሚቀጥለው መስመር የሚሆን ኃይል ታጠራቅማለች። አንድ ደብዳቤ ስትጽፍ ሰላሳ ጊዜ ሰዓት ሞልታለች ማለት ነው።

እስከዚህ የነገርኋችሁ ለእንግሊዝኛውም ለፈረንሳይኛውም አንድ ነው። አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንግባ። በአንድ የጽሕፈት መኪና ላይ 44 ያህል ቁልፎች አሉ። እያንዳንዱ ክንድ ሁለት ቅርጽ ይይዛል፤ ስለዚህ በጠቅላላው ሊጻፍ የሚችለው 88 ያህል ምልክት ነው። ለላቲን ፊደል ይህ ከበቂ በላይ ነው። የእኛስ? 33 ፊደላት በሰባት ቤት 231 ናቸው። እነ ኰ፣ እነ ሏ፣ ነጠላ ሰረዙ፣ አራት ነጥቡ ገና አልተቆጠሩም። 231ን በ88 ቦታ እንዴት ታስቀምጡታላችሁ? ተማሪዎች፣ እስቲ አስቡት፤ እናንተ መሐንዲስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ይህን ጥያቄ በጊዜው ጨክነው ከያዙት ኢትዮጵያውያን መካከል ስማቸው በክብር የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። የእርሳቸውና ከእርሳቸው በኋላ እንደ ኦሊቬቲ ያሉ ፋብሪካዎች የሠሯቸው የአማርኛ መኪኖች የቆሙበት ሐሳብ ፊደላችንን በጥንቃቄ ከማየት የመጣ ነው። «በ»ን ጻፉ። ካልዑ «ቡ» ምንድን ነው? ያው «በ» ሆኖ ወገቡ ላይ አንዲት ቅጥያ ወደ ቀኝ ወጣች። ሣልሱ «ቢ» ቅጥያዋ ወደ እግሩ ወረደች። ኀምሱ «ቤ» እግሩ ላይ ቀለበት ሠራ። አሁን «ተ»ን፣ «ከ»ን፣ «ለ»ን እዩ። ተመሳሳይ ቅጥያ ነው! እንግዲያው አካሉን ለብቻው በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያውንም ለብቻው በሌላ ቁልፍ ብናደርገው፣ ጥቂት ቅጥያዎች ለብዙ ፊደላት ያገለግላሉ። «ቡ» ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ትመታላችሁ፤ ከሁለቱ ምቶች አንዱ ሠረገላውን አያንቀሳቅስም፤ ስለዚህ አካልና ቅጥያ ተገናኝተው አንድ ፊደል ይሆናሉ። አባቶቻችን በቁም ጽሕፈት ያወረሱን ፊደል ሥርዓት እንዳለው ብረቱ ራሱ መሰከረ።

እርግጥ ነው፣ ውበት ተጓድሏል። ቅጥያው ከአካሉ ጥቂት ፈቀቅ ይላል፤ አንዳንዱ ፊደል እግሩ የተሰበረ ይመስላል። በብራና ላይ የተጻፈ ዳዊት ሲያዩ ላደጉ ሰዎች ይህ ቀላል ጉዳት አልነበረም። በመኪናው ምክንያት ፊደሉ ራሱ ይሻሻል፣ ሀ ሐ ኀ እንዲሁም ሰ ሠ ወደ አንድ ይጠቃለሉ የሚል ክርክር ለብዙ ዓመታት ተካሂዷል። እኔ አቋሜን ልናገር፤ ለመኪና ብሎ ፊደልን መቁረጥ፣ ጫማ ጠበበኝ ብሎ ጣትን መቁረጥ ነው እል ነበር፤ ዛሬም እላለሁ። ጊዜው ጫማውን አሰፋልን። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ዛሬ 231ዱም ከነዲቃላዎቻቸው በስልካችሁ ላይ አሉ።

ስለ ጥገናው ጥቂት ልንገራችሁ። ወደ እኔ ከሚመጡት ብልሽቶች ግማሽ ያህሉ ብልሽት አልነበሩም፤ እድፍ ነበሩ። ቀለም የሞላባቸው የመ፣ የወ፣ የፀ ዐይኖች ወረቀት ላይ ጥቁር ነጥብ ሆነው ይወጣሉ፤ በመርፌና በጥርስ ብሩሽ ይጸዳሉ። ክንዶቹ የሚነሡበት ቀጫጭን ክፍተቶች ያሉት ብረት ላይ ዘይት የሚያፈስ ሰው ደግሞ መኪናውን ገደለው ማለት ነው፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራው ይጋገራል፣ ክንዱም እንደተነሣ ይቀራል። በቤንዚን ይታጠባል እንጂ ዘይት አይነካም። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ እያንዳንዱ መኪና የራሱን ጠባይ ያወጣል። የአንዱ «ለ» ወደ ግራ ያዘነብላል፣ የሌላው «ነ» ጫፉ ይጎድላል። የጠገንኋቸውን መኪኖች ደብዳቤ አይቼ የየትኛው ክፍል መኪና እንደጻፈው እናገር ነበር።

አሁንም ዐይኔ ላይ ያለ አንድ ሥዕል ልጨምር። በፍርድ ቤት በር፣ ከጃንጥላ ሥር የተቀመጡ ራፖር ጸሐፊዎች። አንዲት እናት ከገጠር መጥታ ጉዳይዋን ትናገራለች፤ የመሬት ጉዳይ ነው፣ ታለቅሳለችም። ጸሐፊው ሦስት ወረቀት በመካከላቸው ሁለት ካርቦን አድርጎ ያስገባል። ሦስተኛው ቅጂ እንዲነበብ ጣቱ ከባድ መሆን አለበት። የእርሷ እንባ በእርሱ ጣት ኃይል በኩል ወረቀቱን በስቶ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይደርሳል። ካነበበላት በኋላ ፈረመች፤ በጣቷ ነው የፈረመችው። ያን መኪና በየስድስት ወሩ በነጻ አጸዳለት ነበር።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። መምጣቱን አልጠላሁም፤ ልጆቼ የተማሩበት ነው። የጎዳኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ለዓመታት የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ስገባ የጽሕፈት መኪኖቹ አጥር ሥር ተከምረው ዝናብ ሲመታቸው አገኘሁ። አርባ ያህል ይሆናሉ። ብዙዎቹን በእጄ አውቃቸዋለሁ፤ የዚችን ሞላ ቀይሬያለሁ፣ የዚያን ክንድ አቅንቻለሁ። የንብረት ሠራተኛው ትሑት ልጅ ነበር፤ «ጋሼ፣ ለቁራሌ በኪሎ ተሸጠዋል» አለኝ። በኪሎ! አንዷን ለማስቀረት ለመንሁት፤ ሰነዱ ላይ ቁጥሯ ስላለ አይቻልም አለኝ። ጠረጴዛው ላይ የምታዩዋት ይቺን መኪና ያገኘኋት በማግስቱ ከቁራሌው ሠፈር ሄጄ ከእጥፍ በላይ ከፍዬ ነው።

ወገኖቼ፣ ከእናንተ የምለምነው ብዙ አይደለም። በዚህ አዳራሽ ታይፒስት የነበራችሁ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቅድም እጃችሁን ሳታወርዱ ያየኋችሁ ናችሁ። ስቴንስል የምንለው ሰም የተቀባ የማባዣ ወረቀት እንዴት እንደሚቆረጥ፣ የሪባኑ መቆጣጠሪያ ነጭ ምልክት ላይ ተደርጎ ሪባኑ ከመንገድ ሲወጣና ፊደሉ ሰሙን ሲበሳ፣ ቀለሙም በቀዳዳው ሲያልፍ አንድ ፈተና እንዴት ለአምስት መቶ ተማሪ እንደሚባዛ የምታውቁ እናንተ ናችሁ። እባካችሁ ተናገሩ። ተማሪዎች፣ ስልካችሁን አውጡና የእነዚህን እናቶች ጣቶች ቅረጹ፤ ፊታቸውን ብቻ ሳይሆን ጣቶቻቸውን! ቤታችሁ የከሰል ካውያ ካለ አያታችሁን ጠይቁ፤ በጎኑ ያሉት ቀዳዳዎች ለምን እንደሆኑ፣ ከመተኮሱ በፊት ለምን በአየር ላይ እንደሚወዛወዝ፣ ፍም እንዳይረጭ ምን ይደረግ እንደነበር ይንገሯችሁ። ጻፉት፤ ቀኑንም ጻፉበት።

የዚች መኪና የ«ጨ» ክንድ ሲነሣ ከጎረቤቱ ጋር ይጋጫል፤ ትናንት ሆን ብዬ ሳላቀናው ተውሁት። ፒንሳና ካቻቢቴ ይዣለሁ። ሆዷን ከፍተን አብረን እናቀናዋለን፤ መጀመሪያ የሚሞክረው ከእናንተ መካከል አንዱ ነው። ወንበራችሁን ወደዚህ ቀረብ አድርጉ። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።